ዓይኔን ላጠራ ብዬ

እኔን የመሰለ ከሲታ ሰው ብዙ ንብረት የለውም። ከጭልጋ ተነሥቼ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስገባ የያዝኩት አንድ ጋቢ፣ አንድ ቁምጣና ከሁለቱ ዓይኖቼ ሥር የተንጠለጠሉ ሁለት ጥቁር ክቦች ነበር። ጋቢውን መንገድ ላይ በምግብ ለወጥኩት። ቁምጣው አርጅቶ በራሱ ጊዜ ተሰናበተኝ። ክቦቹ ግን አልከዱኝም። እናንተዬ፣ ለሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ታማኝ ወዳጅ ይስጠው!

ለነገሩ መኖራቸውንም አላውቅም ነበር። መስታወት የማየው ፀጉር ቆራጩ ጋ ስሄድ ብቻ ነው። እሱም መስታወቱን የሚያቀብለኝ ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ስለሆነ፣ የማየው ጆሮዬ በቦታው መኖሩን ነው። ቀን ሰሊጥ ገበያ ጆንያ እሸከማለሁ፤ ማታ ሐጃ ኑራ ግቢ ውስጥ ከተከራየኋት ጎጆ ገብቼ፣ ዐንገረብ የሚሉት በገመድ የተጠለፈ አልጋ አላቸው፣ እሱ ላይ እጋደማለሁ። እጋደማለሁ አልኩ እንጂ እተኛለሁ አልወጣኝም። ደርግ ከወዲያ ማዶ፣ እኛ ከወዲህ ማዶ ነበርን። እንቅልፍ ግን መተማ ላይ ወረቀት የለህም ተብሎ የተመለሰ ይመስለኛል።

ጣጣው የመጣው ሚስት ላግባ ያልኩ ጊዜ ነው።

ብርቄ ትባላለች። ሰሊጥ ገበያ ከሴቶቹ ጋር ሰሊጥ ታበጥራለች። ሌላው ተሸካሚ በፊቷ ሲያልፍ ወንፊቷን አታቆምም፤ እኔ ሳልፍ ታቆማለች። መጀመሪያ ከኔ ጆንያ የሚረግፈውን አቧራ ሸሽታ መስሎኝ ነበር። የአገሬ ልጅ አያ ታከለ ግን፣ ገበያው ዳር ሻይ የሚሸጥ ነው፣ "አንተ ደደብ፣ ልጅቱ እኮ ወዳሃለች!" ብሎ ገለጸልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያለ ሥራም ጆንያ ተሸክሜ በፊቷ አልፍ ጀመር። አንድ ቀን ያንኑ ጆንያ ይዤ ስመላለስ ነጋዴው አይቶ እብድ ነው ብሎ ሊያባርረኝ ነበር።

አባቷ ፊታውራሪ እንግዳው ናቸው። አርማጭሆ ሳሉ ባላምባራስ ነበሩ ይባላል። መተማ ሲደርሱ ግራዝማች ሆኑ፤ ገዳሪፍ ሲገቡ ፊታውራሪ። በስደት እግር ሲቀጥን ማዕረግ ይወፍራል። ትንሽ ገፋ አድርገው ካርቱም ቢደርሱ ኖሮ ደጃዝማችነታቸውን የሚከለክል አልነበረም። ግዛታቸው አንድ ጎጆ፣ አንድ ዐንገረብና አንዲት ዶሮ ነው፤ ሲያዝዙ ግን ዶሮዋ ሳትቀር ትነሣለች።

አያ ታከለ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ሄደልኝ። ፊታውራሪ ዘሬን እስከ ሰባት ቤት አስቆጠሩት። አያ ታከለ ሦስቱን ያውቃል፤ አራቱን እዚያው ፈጠረ። ደጎቹን ሰዎች ስለፈጠረልኝ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ፊታውራሪ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

"ዘሩ መልካም ነው። ጉልበትም አለው ብለውኛል። ግና ከዓይኑ ሥር ያለው ጥቁረት ምንድን ነው?" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሰው ለልጅ ጥያቄ ሲሄድ ስለ ርስት፣ ስለ ቁምጥና፣ ስለ ጠብ ተዘጋጅቶ ነው። ስለ ዓይን ሥር የተዘጋጀ ማንም አልነበረም።

"ጥላሸት ከዓይኑ ሥር ይዞ የሚዞር ሰው ከሦስት አንዱን አያጣም" አሉ ፊታውራሪ። "ወይ ሕመም አለበት፣ ወይ አረቂ ይጠጣል፣ ወይ ሰው የማያውቅለት የሌሊት ሥራ አለው። ልጄን ለአንዱም አልሰጥ። ዓይኑን አጥርቶ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይምጣ። አለዚያ ፋው ከተማ የሚኖር አንድ ሹፌር ሽማግሌ ልኮ መልስ እየጠበቀ ነው። እሱ ዓይኑ እንደ ሕፃን የጠራ ነው።"

ሹፌር ሆኖ ዓይኑ እንደ ሕፃን የጠራ ሰው መሪ ይዞ የሚተኛ ብቻ ነው ብዬ ተናገርኩ፤ ማን ይስማኝ። ጥር አጋማሽ ነበር። ጾሙ እየመጣ ነው፣ ሹፌሩ እየመጣ ነው፣ እኔ ዓይን ማጥራት አለብኝ።

ፀጉር ቆራጩ ጋ ሮጬ ሳልቆረጥ መስታወቱን ለመንኩት። እውነትም አሉ! በእውነቱ ስጠላቸው የዚያን ጊዜ ነው። ሰው ስንት ዓመት አብሮት የኖረን ነገር ጠላት ነው ሲሉት ወዲያው ያምናል። ይህን ከቀበሌ ስብሰባ ነው የተማርኩት።

መጀመሪያ ያከመኝ አያ ታከለ ነው። "ይኼማ የሰው ዓይን ነው። ቡዳ በልቶሃል" አለኝ።

"እኔን ምኔን ብሎ ይበላኛል? አጥንት እኮ ነኝ!"

"ለዚህ ነዋ ከዓይንህ ሥር ብቻ የጀመረው። ሌላ የሚበላ አጣ።" ነጭ ሽንኩርት ቀጠቀጠና ከዓይኔ ሥር ለጠፈልኝ። ወንድሞቼ፣ ቡዳው ቢኖርም ባይኖርም በዚያ ሰዓት አገር ለቆ ሄዷል። እኔም ልሄድ ትንሽ ነው የቀረኝ። የሻይ ቤቱን ገንቦ ከነውሃው ፊቴ ላይ ገለበጥኩት። በማግስቱ ዓይኔ ቀልቶ፣ ቆዳው ነጭ በነጭ ተልጦ፣ ጥቁሩም በቦታው ነበረ። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፤ የሱዳን ባንዲራ ለመሆን አረንጓዴው ብቻ ቀረኝ።

አያ ታከለ ሻይ ቤት ደግሞ አንድ ተንታኝ ነበር። ስሙን ማንም አያውቅም፤ ስሜ የድርጅቱ ምስጢር ነው ይላል። ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ነበር፤ ያልጨረሰውን እኛ ላይ ሊጨርሰው ነው። ፊቴን አይቶ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ "የዓይን ሥር ጥቁረት በተናጠል የሚታይ ችግር አይደለም" አለ። "መነሻው የሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ሳይወድቅ ጥቁረቱ አይለቅም።"

"ጾም ከመግባቱ በፊት ይወድቃል?" ስል ጠየቅኩት።

በጣም ተናደደ። ትግሉን በቀጠሮ ነው የያዝከው፣ አድርባይ ነህ አለኝ። ተንታኝ ሰው ከተናደደ ደግሞ ዝም ብሎ አይናደድም፤ ይመረምራል። እኔ በወጣሁ ጊዜ ለተቀመጡት ሁሉ፣ "ይህ ሰው ሌሊት አይተኛም። ለምን አይተኛም? ይጽፋል ማለት ነው። ለማን ይጽፋል?" ብሏቸው ኖሯል። በማግስቱ ስገባ ሻይ ቤቱ ጭጭ አለ። ማንኪያ እንኳ የሚያማስል ጠፋ። ለደርግ ወሬ አቀባይ ሆኜ አረፍኩት! እኔ ስሜን ለመጻፍ እንኳ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝ ሰው።

በሦስተኛው ቀን ላሳያቸው ብዬ ሻይ ቤቱ ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የተኛሁ መስዬ አንኮራፋሁም። ተንታኙ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ፣ "አየህ? በሰው አገር እንዲህ ተረጋግቶ የሚተኛ ደሞዝ የሚደርሰው ብቻ ነው" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። እንግዲህ ምን ይሻላል? ካልተኛህ ትጽፋለህ፤ ከተኛህ ተከፍሎሃል። ተነሥቼ ወደ ሐኪም ሄድኩ።

ሐኪሙ ዓይኔን ሳያይ የወባ ኪኒን ሰጠኝ። በዚያን ዘመን ክንድህ ተሰብሮ ብትሄድም መጀመሪያ የሚሰጥህ የወባ ኪኒን ነው። ስወጣ ምን አሰበ መሰላችሁ፣ መልሶ ጠራኝና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ የመተኛት ምልክት አሳየኝ። በአስተርጓሚ ደግሞ ውሃ ጠጣ፣ ጉበት ብላ፣ በአቧራ እጅህ ዓይንህን አትሽ አለኝ። ይህን ለአያ ታከለ ስነግረው በሣቅ ሞተ። "ተኛ ለመባል ነው ከጧት ጀምረህ የተሰለፍከው? ይህንማ እኔም በነጻ እልሃለሁ!" አለኝ። እውነተኛውን መድኃኒት የሰማነው እንግዲህ ያን ቀን ነው፤ ቀላል ስለሆነ ማናችንም አላመንነውም። ለኔ የተረፈኝ ኪኒኑ ያመጣብኝ ማሳከክ ነበር። ጀርባዬን እያከክሁ ማን ሊተኛ!

ሐጃ ኑራ ጀርባዬን ሳክክ አይተው ነው የጠሩኝ። የቤቴ ባለቤት ናቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ የልጅ ልጅ ያዩ፣ ወፍራምና ሳቂታ ሴት። ከሐበሻ ተከራይ ብዛት አማርኛችንን አቀላጥፈው ያውቁታል፤ ስድቡን በተለይ።

"ያ ወለድ፣ ምን ሆነሃል?" አሉኝ፤ ያ ወለድ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው። ጠቅላላውን ነገርኳቸው። ስለ ብርቄ ስነግራቸው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ስለ ነጭ ሽንኩርቱ ስነግራቸው ግን የአያ ታከለን እናት ስም አነሡ።

እሳቸው በኪያር ጀመሩ። ዐንገረቡ ላይ በጀርባዬ አጋድመው ሁለት ቁራጭ ኪያር በሁለቱ ዓይኖቼ ላይ አስቀመጡ። አረንጓዴውም ይኸው ተገኘ። ቀዝቀዝ አለኝ፣ ደስ አለኝ፣ ሸለብ ሊያደርገኝ ምንም አልቀረው። ወዲያው ትኩስ ትንፋሽ ፊቴ ላይ መጣ፤ ጢም ነገር አፍንጫዬን ነካኝ። የሐጃ ፍየል ናት። የቀኙን በላችው። የግራውን እንድትተውልኝ በትሕትና ለመንኳት። እሱንም በላችና ቅንድቤን ቀመሰችው። ሐጃ ቀጥለው የሻይ ቅጠል ቀቅለውና አቀዝቅዘው በጨርቅ ለጠፉልኝ፤ ከጥቁረቱ አጠገብ ቡናማ ጎረቤት ተጨመረበት።

በመጨረሻ ሐጃ ከወገባቸው ቀና ብለው፣ "ገባኝ!" አሉ። "ይኼ የራስ ሙቀት ነው። ጆንያው በአናትህ፣ ፀሐዩ በአናትህ፣ ሐሳቡ በአናትህ። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ከዓይንህ ሥር ተከማቸ። በእጅና በእግር በኩል እናወጣዋለን።" ሒና በጥብጠው መዳፌንና ውስጥ እግሬን ለቀለቁኝ። ሒና ሙቀት ይስባል አሉ። ከዚያ ዓይኔን ከላይም ከታችም ኳሉኝ። ኩል ያቀዘቅዛል፤ ደግሞም ዙሪያው ሁሉ ከጠቆረ የታችኛው ብቻውን አይታይም። ይህ ዘዴ በአገራችን መንግሥትም ዘንድ የታወቀ ነው፤ አንዱን ጥፋት መሸፈን ሲያቅት አካባቢውን በሙሉ ማጥቆር።

"ይህ እስኪለቅ ድረስ ከግቢ እንዳትወጣ፤ ሰው እንዳያይህ!" አሉኝ ሐጃ። አቧራ እንዳይነካኝ ያሉ መሰለኝ። እሳቸው ወደ ጎረቤት ብቅ እንዳሉ የሐጃን መስታወት አንሥቼ ፊቴን አየሁ። ጥቁረቱ የለም! ማለቴ፣ ሁሉም ጥቁር ሆኖ እሱ ተሰውሯል። ለብርቄ ላሳያት ወደ ሰሊጥ ገበያ በረርኩ።

እዚህ ላይ እኔ የማላውቀውን እናንተ እወቁት። እኛ አገር ሙሽራ የሚታወቀው በሚዜው ነው። እዚያ አገር ግን እጁንና እግሩን ሒና የተቀባ፣ ዓይኑን የተኳለ ወንድ መንገድ ላይ ከታየ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም፤ ሙሽራ ነው።

የመጀመሪያው ባለሱቅ "ማብሩክ!" ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። እንኳን ደስ ያለህ ማለቱ ነው። ዓይኔ መጥራቱን አይቶ ነው ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሣሁት። ቀጥሎ ሴቶች እልል አሉ። ለሰው ዓይን ጥራት እልል የሚባልበት አገር! ስንት ዓመት ስኖር የዚህን ሕዝብ ደግነት አለማወቄ አሳዘነኝ። አንዲት አሮጊት አናቴ ላይ ሽቶ አርከፈከፉብኝ። ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን አስቀምጦ አቀፈኝና አንድ ረጅም ጥያቄ ጠየቀኝ። የኔ ዐረብኛ የሸክም ዐረብኛ ነው፤ አንሣ፣ አውርድ፣ ወደዚያ ግፋ። ከጥያቄው የሰማሁት "ሐጃ ኑራ" የሚለውን ብቻ ነው። የት እንደምኖር ጠየቀኝ ብዬ "አይዋ!" አልኩት፤ አዎ ማለት ነው። ሌላም ጠየቀኝ፤ ኋላ ሲገባኝ ዛሬ ነው ወይ ማለቱ ኖሯል። "አይዋ!" በሰው አገር አይዋ ያለ ከማንም አይጣላም።

ብርቄ ገበያ አልወጣችም። ሰሊጥ አበጣሪዎቹ እኔን ሲያዩ ወንፊታቸውን አቆሙ፤ ሁሉም። አንዷ አማትባ ፊቷን አዞረች። ግራ ገብቶኝ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ደጃፉ ላይ የስኳር ከረጢት ተከምሯል። በዚያ ዘመን ስኳር በኮታ ነው የሚገኘው፤ ሰው ከልጁ አፍ ነጥቆ ካልሆነ ለሰርግ የሚያመጣው አልነበረም። ሴቶቹ ከበሮ ያሞቃሉ። ሐጃ ኑራ መካከል ላይ ነጠላ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

"ለሥጋ ሻጩ ማንን አገባለሁ አልከው?"

"እኔ? አይዋ ብቻ ነው ያልኩት።"

"ሐጃ ኑራን ልታገባ ነው ወይ ብሎ ነው የጠየቀህ! እኔን፣ የልጅ ልጅ ያየሁትን! ለአንተ፣ ለአጥንቱ!" ጫማው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሁለተኛውን ሊሰነዝሩ ሲሉ ሣቅ ቀደማቸውና መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ግን አልሣቅሁም። አያ ታከለ ላብ በላብ ሆኖ ሲገባ አይቼዋለሁ።

"አንተ ከይሲ! ሰልመህ ሐጃን አገባህ አሉ! ፊታውራሪ ሹፌሩን አስቀምጠው ቃል ሊሰጡት ነው!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዲት አይዋ ሃይማኖቴንም ሚስቴንም ይዛብኝ ልትሄድ። ሮጥኩ። ሐጃ "ስሜ ነው የጠፋ!" ብለው ተከተሉኝ። ሴቶቹ ሐጃን ተከተሉ፤ ስኳሩን ሜዳ ላይ ጥለውት እንዳይሄዱ ተሸክመውት፣ ከበሮውንም እንደዚያው። እንዲህ ሆነን፣ ሙሽራው ከፊት፣ ከበሮው ከኋላ፣ ፊታውራሪ እንግዳው ግቢ ገባን።

ፊታውራሪ ዐንገረባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎች ዙሪያውን ናቸው። የፋው ሹፌር ግድግዳ ተደግፎ አንገቱን ዘንበል አድርጓል። ፊታውራሪ እኔን ሲያዩ በዘንጋቸው መሬቱን መቱ።

"ዓይንህን አጥርተህ ና ብልህ ጭራሽ ተኩለህ መጣህ?"

ለማስረዳት ሞከርኩ። ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ኪኒኑ፣ ስለ ፍየሏ ስናገር ላቤ ኩሉን ይዞት ወረደ፤ ጥቁረቱ ከዓይኔ ሥር አልፎ አገጬ ደረሰ። ሐጃ፣ "ወላሂ፣ ልጅህን የወደደ ሞኝ አከምኩ እንጂ ባል አላገባሁም!" ብለው ማሉ። ሽማግሌዎቹ ሣቃቸውን በጋቢያቸው ያዙት።

ፊታውራሪ ግን አልሣቁም። "መስለሙንስ ይቅር፣ አመንኩ" አሉ። "ዓይኑስ? ያው ነው፤ ብሶበታል። ቃሌ ቃል ነው፤ ልጄን ለፋው ሰው..."

ብርቄ ያን ጊዜ ከውስጥ ወጣች። የአባቷን የጢም መላጫ መስታወት ይዛለች። ሰው ፊት ደፍራ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር።

"አባባ፣ እንኩ፣ ይዩበት።"

"ምኑን ነው የማየው?"

"ዓይንዎን። መተማን ከተሻገርን ወዲህ አንድ ሌሊት ሙሉ ተኝተው ያውቃሉ? እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ እሰማዎታለሁ። ጥላሁንን ይጠሩታል። 'በሩን ክፈቱለት፣ ልጄ ደጅ ቀርቷል' ይላሉ። እኔም አልተኛ። የኔንስ ዓይን አንድ ቀን ቀርበው አይተውታል?"

ጥላሁን ወንድሟ ነው። ጎንደር ላይ የደርግ ሰዎች ከቤት የወሰዱት፣ ያልተመለሰ። ፊታውራሪ ስሙን በሰው ፊት አንሥተው አያውቁም። እኔም ያን ጊዜ ነው ብርቄን በደንብ ያየኋት፤ እሷም ከዓይኖቿ ሥር ጠቁራለች። የራሴን ስደብቅ የሷን ሳላይ ኖርኩ። አልዋሽም፣ እዚያው አለቀስኩ፤ የተረፈውም ኩል ወረደ። ዙሪያዬን ሳይ አያ ታከለም፣ ሽማግሌዎቹም፣ ሁላቸውም ከዓይናቸው ሥር ያው ነው።

ከግድግዳው በኩል አንድ ማንኮራፋት ተሰማ። የፋው ሹፌር ነው። አፉን ከፍቶ፣ ተኝቶ ለሽ ብሏል።

"ይኸውልዎ" አለች ብርቄ። "ዓይኑ የጠራ ሰው እዚህ ግቢ እሱ ብቻ ነው።"

ፊታውራሪ መስታወቱን አልተቀበሏትም። ከዚያ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና፣ "ይህን ሰውዬ ቀስቅሱልኝና ምሳ አብልታችሁ ሸኙት" አሉ። ቀጥለው ወደ ከረጢቶቹ ዞረው፣ "ሐጃ፣ ያ ስኳር ወደ ባለቤቱ መመለሱ ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

"ለሰርግ የተሰጠ ስኳር አይመለስም፤ ነውር ነው" አሉ ሐጃ።

"እንግዲያማ የሰው ስጦታ እኔ አላዋርድም" አሉ ፊታውራሪ። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው። ጾሙ ሳይገባ፣ ሒናውም ሳይለቀኝ፣ ቄሱ ባረኩን። የሐጃ ሴቶች በከበሯቸው፣ የኛዎቹ በእስክስታቸው አደመቁት። ተንታኙም መጥቶ ነበር። ሰርጉን ተቸው፤ ስኳሩን ግን በሻይ ደጋግሞ ጠጣው።

በቅበላው ሳምንት ፊታውራሪ ሊጠይቁን መጡ። ሐጃ ኑራም ነበሩ። ፊታውራሪ ሳይቀመጡ አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። አንዱን ዓይን አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልጄ፣ ይኼ ነገርማ ጭራሽ ባሰበት!" አሉኝ።

እኔ ጣራ ጣራ አየሁ። ሐጃ ኑራ ቶብ በሚሉት መጎናጸፊያቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ፊታውራሪ ተቀምጠው አንድ ሁለት ጎረሱ። ብርቄ ቀና ሳትል ወጡን እየጨመረችላቸው፣

"አባባ፣ ያሁኑን እንኳ በሱ አይፍረዱ፤ የኔ ጥፋት ነው" አለች።

ፊታውራሪ የጎረሱትን ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።